ለእናታቸው ማኅተም ያልመቱት ሰነድ አረጋጋጭ

ሰነድ አረጋጋጩ ሐምሌ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከግንበኛው አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ሲተኩሱ ከኖሩት እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱት ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ በሚወርደው ቁልቁለት መንገድ ላይ፣ አባታቸው በትርፍ ሰዓታቸው ድንጋይ በድንጋይ ደርድረው በሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከሁለቱ ክፍሎች የፊተኛው በሩ በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈት ነበር። ወደ ታች ብዙ ነገር የሚመጣው በዚህ ክፍል ምክንያት ስለሆነ አድማጭ ከአሁኑ ልብ ይበለው። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሳቸው ሲሆኑ፣ እህታቸው በሁለት ዓመት፣ ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ በአምስት ዓመት ይከተሏቸዋል።

ይህን ታሪክ የጻፈው ያ ታናሽ ወንድማቸው፣ ቁልፍ ሠሪው ነው። ትምህርቱ አምስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ የፊደል ግድፈት ቢገኝበት ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ሟቹ በ1997 ዓ.ም. ማኅተማቸውን ለምን እንደተነጠቁ በዚህ ከተማ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተባለ የለም። ሸጡት የተባለበት ጊዜ አለ፣ ለርስት ብለው ነው የተባለበት ጊዜ አለ። ዛሬ አስከሬናቸው ፊት የሚነበበው የተባለው ሳይሆን የሆነው ነው። አንባቢው የማይጥመውን ቦታ እንዳይዘል በቅድሚያ ይለመናል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከጋራዡ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ጎበዝ ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። ገና ያኔ ጠባያቸው ጠባያቸው ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት የቀረ ጓደኛቸው ስም ሲጠራ «አቤት» እንዲሉለት አደራ ቢላቸው፣ «የለህማ፣ እንዴት አለ እላለሁ?» ብለው እምቢ ማለታቸውን፣ በማግሥቱም በዕረፍት ሰዓት ለዚሁ መደብደባቸውን እናታቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. አባታቸው ከሥራ ላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ወድቀው ወገባቸው ተሰበረ። ከሁለቱ ወንዶች ልጆች አንዱ ሥራ መግባት ስለነበረበት ነገሩ በአንድ እሑድ ተቆረጠ። አባትየው አልጋቸው ላይ እንደተኙ «ትልቁ ይጨርስ፤ ትንሹ እጁ ቀና ነው» አሉ። ትንሹ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ሰኞ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ገባ። ትልቁ በዚያን ቀን «እኔም ልሥራ» የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ይህም ይመዝገብ።

ሟቹ በ1957 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። ከሥራ መልስ እየተማሩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ዲፕሎማ አገኙ። በ1966 ዓ.ም. የሰነድ አረጋጋጭነት ፈተናውን አልፈው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ ማኅተም ተረከቡ። ቢሯቸውን የከፈቱት ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወጥቶ አንድ ጠረጴዛ፣ ለባለጉዳይ አንድ አግዳሚ፣ ገጹ ሁሉ ቁጥር የተመታበት ትልቅ መዝገብ፣ የማኅተም ቀለም የጠጣ ስፖንጅ፣ ሌላ ምንም። ማኅተሙ ከመዝገቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ከእሳቸው በቀር ማንም እንዲነካው ሕጉ አይፈቅድም።

የዚያን ቢሮ በር ቁልፍና የመሳቢያውን ቁልፍ የገጠመው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ሠርቶ ሲጨርስ ምስጋና ሲጠብቅ ወረቀት አቀረቡለት። «ሌላ ቅጂ በእጄ የለም» ይላል ወረቀቱ። ምስክር እንዲሆኑ መድኃኒት ሻጯን ከታች ጠሩ።

«ጋሼ፣ እኔን ነው የምታስፈርመኝ? ወንድምህን?»

«ወንድሜ ስለሆንክ ነው እንጂ» አሉ ሟቹ፣ እስክሪብቶውን እያቀበሉ።

ፈረመ። ምን ያድርግ።

ቀጥሎ የሥራ ዘመናቸው ይነገራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው «አቶ ይቅረቡ» እያለ ነበር፤ ማንኛውም ጉዳይ ቢመጣባቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ባለቤቱ ይቅረቡ» ስለሆነ። መታወቂያ ሳያዩ፣ ፈራሚው ፊታቸው ሳይቀመጥ፣ ወረቀቱ የገባው መሆኑን ከራሱ አፍ ሳይሰሙ ማኅተም አያነሡም። አንዴ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ሚስቱ የፈረመችበትን ውክልና ይዞ መጣ። በሚስቱ ስም ያለውን መሬት እሱ እንዲሸጠው ትፈቅዳለች ይላል ወረቀቱ።

«ይቅረቡ» አሉት።

«አሟት ነው እንጂ እኔም ብቻዬን ባልመጣሁ። ከአልጋ አትነሣም።»

«እንግዲያው እኔ እቀርባለሁ።»

«ኧረ አይልፉ! ምን አደከመዎት በዚህ ፀሐይ...»

መዝገቡን ብብታቸው ሥር ከትተው እሱ ሲለምናቸው እሳቸው ሲሄዱ ቤቱ ደረሱ። ሴትየዋ ጓሮ እጅጌዋን ሰብስባ ልብስ ታሰጣለች።

«አሞዎታል ሲሉ ነው የመጣሁት» አሏት።

«ማንን? እኔን? ደግሞ ምን ፈረምኩ ተባልኩ?» አለች ሴትየዋ ወደ ባሏ ዞራ። ሟቹ ባርኔጣቸውን አነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ያለው የባልና የሚስት ነው፤ እሳቸውን አይመለከትም።

ማረጋገጥ እንጂ ምክር መስጠት ሥራቸው አልነበረም፤ ይህም ብዙ ሰው ያስቀየመ ነገር ነው። አንዲት ባልቴት የእህታቸው ልጅ ያዘጋጀላቸውን የስጦታ ውል ይዘው ቀርበው፣ «ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ ልጄ?» ቢሏቸው፣ «እኔ የተጻፈውን አነብልዎታለሁ፤ ይፈርሙ ወይም አይፈርሙ ማለት ግን አልችልም» አሉ። አነበቡላቸው። ደገሙላቸው። ሦስተኛ ጊዜ «ቤቴን እኔ በሕይወት እያለሁ ለቅቄ አስረክባለሁ» የምትለዋ ቦታ ሲደርሱ እያንዳንዷን ቃል እየረገጡ አነበቡ።

«ሦስት ጊዜ ያነበብክልኝ አትፈርሚ ስትለኝ ነው?» አሉ ባልቴቷ።

«ምናልባት አልተሰማዎት እንደሆን ብዬ ነው።»

«ተሰምቶኛል፤ ተባረክ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባዶ ቦታ ባለበት ወረቀት ላይ ማኅተም አያሳርፉም። ከፊርማ በላይ ክፍት የቀረ መስመር ካለ፣ ኋላ ሰው እንዳይጨምርበት በሰረዝ ይዘጉታል። ይህ ልማድ ቤታቸውም ገብቶ ሴት ልጆቻቸው ለልደታቸው በሚሰጧቸው ካርድ ላይ ሳይቀር ባዶውን ቦታ እየሰረዙ ያስቀምጡት ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የተማሪ የደንብ ልብስ ሰፊ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። የጋብቻ ምዝገባው ዕለት የምዝገባ ሹሙ መታወቂያቸውን ሳያይ ሊያስፈርማቸው ቢል፣ «እኔ መሆኔን በምን አወቁ?» ብለው እንዳስቆሙትና ሙሽራዋ በሳቅ እንደሞቱ ዛሬም ድረስ ይነገራል። ከትዳራቸው ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተው አሳድገው ለቁም ነገር አብቅተዋል። ታላቋ መምህርት፣ ታናሿ የጥርስ ሐኪም ናቸው።

አባታቸው በ1970 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እናታቸው ከታናሽ ልጃቸው ጋር በዚያው ቤት ቀሩ። የፊተኛው ክፍል ቀደም ብሎ የቁልፍ መሥሪያው ሆኖ ነበር። ታናሹ ቀን እዚያ ይሠራል፣ በየመሐሉ ወደ ጓዳ እየገባ እናቱን ያያል። ሃያ ስድስት ዓመት። ሟቹ እሑድ እሑድ መጥተው እናታቸውን ስመው፣ አንድ ሰዓት ተጫውተው ይሄዱ ነበር። አንሶላ የቀየረው፣ መድኃኒት በሰዓቱ ያዋጠው፣ ተሸክሞ ፀሐይ ያሞቀው ማን እንደነበር ጎረቤት ያውቃል። ይህ የሚነገረው ለምስጋና አይደለም። ምስጋና ጊዜው አልፏል።

ኅዳር 1996 ዓ.ም. እናታቸውን ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። አፋቸው ግን ገና ደኅና ነበር። እሑድ ኅዳር 13 ቀን ሦስቱንም ልጆቻቸውን ሰበሰቡና፣ «የፊተኛውን ክፍል ለዚህ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ እጁ ከዚያ ከወጣ ምን ይበላል?» አሉ። አንድ የሰፈር ደብዳቤ ጸሐፊ አስቀድሞ የጻፈላቸውን ወረቀት ከትራሳቸው ሥር አውጥተው በሦስቱ ፊት አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ወደ ትልቁ ልጃቸው ዞሩ።

«በል እንግዲህ፣ ማኅተምህን ምታበት።»

«እማዬ፣ አልችልም» አሉ ሟቹ።

«ምኑን ነው የማትችለው? ለማንም መንገደኛ ስትመታ አይደል እንዴ የምትውለው!»

«ለመንገደኛ እመታለሁ። ለአንቺ ግን ሕጉ አይፈቅድልኝም። ሰጪዋ እናቴ ነሽ፣ ተቀባዩ ወንድሜ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ነገ እኔም የምወርሰው ቤት ነው። በሦስቱም በኩል አለሁበት። እኔ የመታሁበት ወረቀት ምንም አይረባችሁም።»

«ጋሼ ደግሞ!» አለች እህታቸው። «እኛው በእኛው ነን፣ ማን ሊያይህ ነው?»

«የአባት ስማችንን ማንበብ የሚችል ሁሉ ያያል።»

«እሺ፣ ማኅተሙ ይቅር። የተጻፈው ልክ መሆኑን እንኳ እይልን» አለ ታናሹ።

«እሱንም አልችልም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትችለው?»

«ሌላ አረጋጋጭ ልጠራላችሁ እችላለሁ» አሉ ሟቹ፣ ጫማቸውን እያዩ።

እናትየው ግማሽ ፊታቸው ባይታዘዝም ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ስትወለድም መታወቂያዬን አይተህ ሳይሆን አይቀርም የወጣኸው» አሏቸው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ ሟቹም ሳቁ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም።

ሰኞ ማለዳ ሟቹ ሌላኛውን አረጋጋጭ ፍለጋ ሄዱ። ይህ ሰው በጋ ከክረምት ካፖርት ስለማያወልቅ «ባለ ካፖርቱ» ይባላል። ባለ ካፖርቱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሐሙስ ነው የሚመለሰው ተባሉ። ሌላም ፍለጋ በአውቶቡስ ሁለት ቦታ ተንከራትተው ዋሉ። አልቀናቸውም።

አሁን ያቺ ሰኞ ትነገራለች። ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በምሳ ሰዓት፣ መድኃኒት ቤቱ ለምሳ ተዘግቶ ሳለ፣ ታናሽ ወንድማቸው አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ወጣ። ቅጂ አልነበረውም፤ ፈርሞ የሰጠው ወረቀት እውነት ነው። ነገር ግን ቁልፉን የሠራው እጅ ያለ ቅጂም ይከፍተዋል። በሩንም መሳቢያውንም አንድ ጭረት ሳያሳርፍ ከፈተ። እናቱ አሻራቸውን ባሳረፉበት ወረቀት ላይ ማኅተሙን መታ። የወንድሙን ፊርማ ከልጅነቱ ጀምሮ ከደብተር ሽፋን ላይ እያየ ሲኮርጀው ያደገ ስለሆነ አልከበደውም። የመዝገብ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ የመጣለትን ቁጥር ጻፈ። ሁሉንም እንደነበረ ቆልፎ ወረደ። በጊዜው የሠራው ነገር ስርቆት አልመሰለውም። እናቱ ሰጥተዋል፣ ሦስት ልጆች ሰምተዋል፣ ከእውነቱ የጎደለችው ያቺ ክብ ቀለም ብቻ ናት ብሎ ነበር።

ማክሰኞ እናታቸው አንደበታቸው ተያዘ። ሐሙስ ባለ ካፖርቱ ከነካፖርቱ መጣ። ሟቹ ጫና አሳደሩ እንዳይባል ክፍሉ ውስጥ አልገቡም፤ ባለ ካፖርቱ እስኪወጣ ድረስ ግቢው ውስጥ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመው ጠበቁ።

«እማማ፣ የፊተኛውን ክፍል ለማን ነው የሰጡት?» ብሎ ጠየቃቸው ባለ ካፖርቱ። እናትየው ታናሽ ልጃቸውን አዩ። ደግሞ ጠየቃቸው፤ አሁንም አዩት። ግማሽ ሰዓት ያህል በትዕግሥት ተቀመጠ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋ።

«ወደ ማን እንዳዩ እኔም አይቻለሁ» አለ ታናሹን። «ዓይን ግን ቃል አይደለም ወንድሜ። ይህን ወረቀት ላይ ማስፈር አልችልም።»

ታናሹ ያን ጊዜ ብዙም አልተከፋም፤ ኪሱ ውስጥ የያዘውን ያውቃልና። እናታቸው ቅዳሜ ኅዳር 19 ቀን አረፉ።

ከሁለት ወር በኋላ ታናሹ ወረቀቱን ይዞ ቤት ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄደ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችና፣ «ያረጋገጡት ሰው ምንህ ናቸው?» አለችው።

«ወንድሜ ናቸው» አለ፣ ኮራ ብሎ።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «እናትህ ሰጥተውህ፣ ወንድምህ ናቸው ያረጋገጡልህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑን ሰነድ ሆነ?»

እንግዲህ ማኅተሙ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ ወረቀቱ ከንቱ ነበር ማለት ነው። ሟቹ ያን እሑድ የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ሰሚ አላገኙም እንጂ በአማርኛ ነው የተናገሩት። ወረቀቱ ከዚያ መስኮት ተመልሶ ወደ ታናሹ እጅ አልመጣም፤ ወደ ሰነድ አረጋጋጮች ጉባኤ ተላከ።

ጥቅምት 1997 ዓ.ም. ጉባኤው ሁለቱንም ጠራቸው። አምስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ መሐል ላይ ወረቀቷ። ቁጥሩ ሲታይ የሌላ ሰው የቤት ሽያጭ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። መርማሪዎች በሩንና መሳቢያውን አይተው የተሰበረም የተጫረም ነገር የለም ብለዋል። መጀመሪያ ታናሹ ተጠየቀ።

«ይህን ማኅተም ማን መታው?»

«የማን ማኅተም እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፏል አይደለም እንዴ?» አለ ታናሹ። የዋሸው ነገር የለም። ያለው ግን ይህንን ብቻ ነው፤ ሟቹ ራሳቸው መቱት ማለቱ እንደሆነ አድርገው ሲረዱትም እያየ አላረማቸውም።

ቀጥሎ ሟቹ ተጠየቁ።

«እርስዎ ነዎት የመቱት?»

«አልመታሁም።»

«ማን መታው?»

«አላየሁም። ያላየሁትን አላረጋግጥም።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«ጥርጣሬ መዝገብ ላይ አይገባም። ማኅተሙን መጠበቅ የእኔ ግዴታ ነበር፤ ጥበቃዬ ጎድሏል። የምፈርመው ለዚህ ነው።»

ፈረሙ። ጉባኤውም በሩ ስላልተሰበረ ወይ ራሳቸው መትተውታል ወይ ለሌላ አውሰውታል ብሎ ፈቃዳቸውን ለዘለቄታው ሰረዘ። ማኅተሙን ፊታቸው በብረት መጋዝ ለሁለት ሰነጠቁት። ሟቹ ጉባኤው ግማሾቹን መረከቡን የሚገልጽ ደረሰኝ እንዲጻፍ ብቻ ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው አድካሚ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥረው የሰው ጽሑፍ ሲጠርዙ ኖሩ። «አቶ ይቅረቡ» መባላቸው ቀርቶ «ማኅተም ሻጩ» ተባሉ። የደንብ ልብስ ለማሰፋት ባለቤታቸው ዘንድ ይመጡ የነበሩ ወላጆች እንኳ ሰላምታ አሳጠሩ። ቤቱም በሦስቱ ልጆች መካከል መከፈል ስላልቻለ ተሸጠ፤ የፊተኛው ክፍል ዛሬ ስልክ ይጠገንበታል። ታናሹ ጋራዡ ፊት ለፊት በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ከተማ፣ በአንድ አውቶቡስ መስመር ላይ እየኖሩ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም።

በ2003 ዓ.ም. ሟቹ ራሳቸው ኪዮስኩ ድረስ መጥተው የቤታቸውን ቁልፍ አቀበሉት።

«አንድ ቅጂ» አሉ።

ታናሹ መሞረጃውን አስነሣ። ብረቱን እያስጮኸ ሞረደ። ሲያጠፋው፣ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ያልተናገርከው? እኔ መሆኔን ታውቃለህ» አለ።

«በሩ ላይ ጭረት አልነበረም። እንደዚያ የሚከፍት እጅ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ነው። አወቅሁ እንጂ አላየሁም፤ እነሱ ደግሞ የጠየቁኝ ያየሁትን ነው።»

«እኔን ለማዳን ብለህ ነዋ።»

«አይደለም» አሉ ሟቹ።

እንዲህ ነበሩ። «አዎ» ቢሉ ምን ነበረበት? ታናሹ በሕይወቱ ካቃጠሉት ነገሮች ሁሉ ይህች «አይደለም» ትብሳለች፤ እስከ ዛሬም አልበረደችም።

ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «አንተ ግን አይተሃል» አሉት። ሌላ አልጨመሩም። በአውቶቡሱ ተሳፍረው ሄዱ።

ታናሹ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ያየውን ሳይናገር ኖረ።

ሟቹ በ2013 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ዘንድሮ መጋቢት ውስጥ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ ባለቤታቸው ኪዮስኩ ድረስ መጡ። ታናሹን ሰላም ካሉት አሥራ ስምንት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ያን ቀንም ሰላም አላሉትም።

«ሰውዬው መሄዱ ነው። የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ» አሉት።

«እኔ ምን ቤት ነኝ እትዬ? ልጆቹ ይጻፉ እንጂ።»

«እኔ ብጽፍ ሚስቱ ናት ይላሉ። ልጆቹ ቢጽፉ ልጆቹ ናቸው ይላሉ። አንተ ስትጠላው እንደኖርክ አገር ሁሉ ያውቃል። አንተ ብትጽፍ ያምኑሃል።»

ማኅተሙን የመታው እሱ መሆኑን ይወቁ አይወቁ ታናሹ አልጠየቀም። ኪዮስኩን ዘግቶ በማግሥቱ ጉባኤው ዘንድ ሄደ። አምስቱም ሰዎች አዲስ ናቸው። ጠረጴዛው ግን ያው ነው። በምሳ ሰዓት ደረጃ መውጣቱን፣ ሁለቱን ቁልፎች መክፈቱን፣ መምታቱን፣ የወንድሙን ፊርማ መኮረጁን፣ ቁጥሩንም ከራሱ ፈጥሮ መጻፉን ተናገረ። ሰብሳቢዋ እስኪጨርስ በጥሞና አዳመጡት።

«ምንዎ ናቸው?»

«ታላቅ ወንድሜ ናቸው።»

«አባቴ፣ ለሥጋ ዘመድ የሚሰጥ ምስክርነት ብቻውን አይያዝልንም። ፋይሉም ተዘግቷል። ሊሞቱ ሲሉ ስማቸውን ለማጽዳት ነው ቢባልስ?»

ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደ። ሟቹ ፊታቸው አብጦ፣ እጃቸው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ተኝተው ነበር። ያለውንና የተባለውን ነገራቸው።

«ልክ ናቸው» አሉ ሟቹ፣ በደከመ ድምፅ። «የሥጋ ዘመድ ነህ።»

«እና ምን ላድርግ? ለፋሁ ማለት ነው?»

«በቃል ነው የነገርካቸው?»

«በቃል ነው።»

«በጽሑፍ አስገባ። ባይቀበሉትም መመዝገብ ግዴታቸው ነው። ቁጥር ሳይሰጡህ እንዳትወጣ።» ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ «ባዶ ቦታ አትተው» አሉ።

ታናሹ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶ በራሱ እጅ ጻፈው። ሁለት ገጽ ሆነ። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. አስገባ። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም፣ ትርጉም የለውም፣ ነገ ተመለስ አለው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሊዘጉ ሲሉ ሰልችቷቸው መዘገቡት። ቁጥሩ 212 ነው። ቁጥሩን ይዞ ሆስፒታል ሲደርስ ሟቹ መናገር አቁመው ነበር። ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ዘረጋላቸው፤ ከላይ እስከ ታች አዩት። ዓይን ቃል አይደለም፤ ስለዚህ ምን እንዳሉ እዚህ አልተጻፈም።

ሰነድ አረጋጋጩ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ በሰባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ በላይ የተነበበው ሁሉ የሆነ ነው። የተነጠቁት ማኅተም ሳይመቱት የተመታ ነበር። የመታው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ጉባኤው ዘመድ ነህ ብሎ አልያዘለትም፤ እዚህ የቆመው ሕዝብ ግን ይያዝለት። ወረቀቱን ማየት የሚፈልግ ጉባኤው መዝገብ ቤት ሄዶ ቁጥር 212ን ይጠይቅ፤ መጠየቅ የሚፈልግም ታናሹ ከመቃብሩ በስተቀኝ ቆሟል።

ሟቹ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ አንድ እህትና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ወንድማቸው ዛሬም ቅሬታ አለበት፤ የለም ብሎ አይጽፍም። ሆኖም እንደ እሳቸው ያለ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ይህንንም ያየውን ነው የሚለው።

ብዙ ዓመት ቆመው የዋሉ እግሮቻቸውን መሬቱ በቀስታ ይቀበላቸው። የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ ሳያስጠብቅ ያሳርፋት። ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።